ሃያ ፊርማ ለሻርኮች

ሴትዮዋ ቤት ሥራ የጀመርኩ ሰሞን የሻርኩን መንጋጋ ፊቱን ወደ ግድግዳ እያዞርኩ ነበር የማስቀምጠው። እውነተኛ መንጋጋ ነው፤ ጥርሱ በሦስት ረድፍ የተደረደረ፣ የሰው ጭንቅላት በደንብ የሚያስገባ። ሌላ ሰው የልጅ ልጁን ፎቶ በሚያስቀምጥበት ቦታ፣ ሳሎናቸው መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። አቧራ ስጠርግ አዞረዋለሁ፤ በማግሥቱ ስመጣ ተመልሶ እኔን ያያል። ሴትዮዋ ያለ መደገፊያ ዎከር ሦስት እርምጃ አይራመዱም፣ የኦክስጅን ቱቦ ከአፍንጫቸው አይወርድም፤ ያን መንጋጋ ለመመለስ ግን ጉልበት አያጡም። ለምን ታዞሪዋለሽ ብለው አልጠየቁኝም። እኔም ለምን ይመልሱታል አላልኩም። እንዲሁ ስንጠባበቅ ሁለት ወር ሄደ።

ነገሩ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ሁለት ሺህዎቹ ሊያልቁ አንድ ሁለት ዓመት ሲቀራቸው ነው። አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ውስጥ ኮሎምቢያ ሃይትስ እየኖርኩ ሮዝቪል ሆም ኬር፣ ማለት በየቤቱ ሕመምተኛ መንከባከብ፣ እሠራ ነበር፤ ሰውነት ማጠብ፣ ማልበስ፣ መድኃኒት በሰዓቱ ማስታወስ፣ ሾርባ ማሞቅ። ሴትዮዋ ጡረታ የወጡ የባዮሎጂ መምህርት ናቸው። ቀን ሙሉ በመኪና ቢነዳ ባሕር በማይደረስበት አገር ሠላሳ ዓመት ስለ ባሕር አስተምረዋል። ይህ ራሱ አጠራጠረኝ። ሰው አጠገቡ የሌለውን ነገር እንዲህ ሲወድ ከበስተጀርባው አንድ ጉዳይ አለ እላለሁ።

እኔ ተጠራጣሪ ነኝ፤ ይህን ስናገርም አላፍርም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ብለው ያሳደጉኝ ሰዎች ቀልድ አልነበረም የያዙት። በነፃ የሚሰጥ ነገር እጠረጥራለሁ። ያለ ምክንያት የሚስቅልኝን ሰው እጠረጥራለሁ። ሐይቅ እንኳ እጠረጥራለሁ። ልጄ ሚኒሶታ የተወለደች ናት፤ ያኔ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር። በሰመር ሐይቅ ዳር ስወስዳት እሷ እንደ ዳክዬ ስትንቦጫረቅ እኔ ጫማዬን ሳላወልቅ ዳር ቆሜ እጠብቃታለሁ። «ማሚ፣ ኢትስ ኤ ሌክ! ሻርክ የለም እኮ» እያለች ትስቅብኛለች። «ማን ገብቶ ቆጠረ?» እላታለሁ። የእሷ ቴሌቪዥን ነው ያስተማረኝ፤ በየሰመሩ ሻርክ ሰው ሲነክስ ደግሞ ደጋግሞ ያሳየኛል። ባሕር ያየሁት ከአውሮፕላን መስኮት ብቻ ቢሆንም በዚያ በኩል በቂ ትምህርት አግኝቻለሁ።

አንድ ማክሰኞ ቁርስ ካበላኋቸው በኋላ ሴትዮዋ ከመሳቢያ ወረቀት የተቆነጠጠበት አንድ ክሊፕቦርድ አወጡ። ተቀመጪ አሉኝ። ፈረንጅ አሠሪ ተቀመጪ ሲል ወይ ሊያባርር ነው ወይ ሊሞት ነው ብዬ ተቀመጥኩ።

የነገሩኝ ስለ ሻርክ ነው። ዓሣ አጥማጆች ክንፉን ለሾርባ ብለው ይቆርጡና ሌላውን አካሉን በሕይወቱ ወደ ባሕር ይመልሱታል። ክንፍ የሌለው ሻርክ መዋኘት አይችልም፤ ወደ ታች ይሰምጥና እዚያው ይሞታል። ይህን በደንብ የሚከለክል ሕግ እንዲወጣ ለምክር ቤት አባላችን ፊርማ እያሰባሰቡ ነው። የድሮ ተማሪዎቻቸው ፈርመዋል፣ ጎረቤቶቻቸው ፈርመዋል፣ የሳንባ ሐኪማቸው ሳይቀር ፈርሟል። የቀራቸው አንድ ገጽ ነው፤ ሃያ መስመር።

«እኔ ከቤት መውጣት አልችልም። አንቺ ቤተ ክርስቲያን ብዙ ሰው ታውቂያለሽ። ምናልባት የመጨረሻ ሥራዬ ይሄ ነው፤» አሉኝ። ቀጥለው ጣታቸውን አንስተው እንደ ተማሪ አስጠነቀቁኝ። «አንድ የውሸት ስም ከተገኘ ግን ሌላውንም አያምኑትም። ሁሉም ከንቱ ይሆናል። አደራሽን።»

አደራ የሚል ቃል በእንግሊዝኛ የለም። ያሉት ግን እሱን ነው፤ ገባኝ።

ወረቀቱን አየሁት። ስም፣ አድራሻ፣ ፊርማ። ቀበሌ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ዜግነት ለማግኘት ካመለከትኩ አራት ወር ሆኖኝ ነበር፤ ጣት አሻራ ሰጥቼ ኢንተርቪው እየጠበቅሁ ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ፣ ሳንባቸው የደከመ ሴትዮ የሰው በላ ዓሣ ጉዳይ ይዘው የሃበሾችን ስምና የቤት ቁጥር ሰብስቢ ይሉኛል። ማን ነው የላካቸው? የሚያሠራኝ ኤጀንሲ እየፈተነኝ ይሆን? እንዲህ እንዲህ እያልኩ ሳስብ አፌ «እሺ» አለ። ይሉኝታ የሚባል ገመድ አለ፤ ሽማግሌ ሲለምን እምቢ የሚል ምላስ አላወጣሁም።

እሑድ ቅዳሴ ሲያልቅ ወረቀቱን በነጠላዬ ሸፍኜ ግቢው ውስጥ ዞርኩ። የመጀመሪያዋ ሴት ሰው ለሚበላ አውሬ ነው የምፈርመው ብላ አማተበች። ሁለተኛው ነቢዩን የዋጠው እሱ ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ፤ አይደለም ስለው ታዲያ ምን አገባን አለ። ሦስተኛው ታክሲ ነጂ ነው። ወረቀቱን ሳይነካ አነበበና፣ «አድራሻ ለምን ፈለጉ? ዓሣው ሊጠይቀን ይመጣል?» አለኝ። ሳቅሁ። የሳቅሁት ግን እኔም ያንኑ ስለጠየቅሁ ነው።

አንድ ሰው ቀረኝ። የቀድሞ ባሕር ኃይል ባልደረባ ናቸው፤ ምጽዋ ብዙ ዓመት ኖረዋል። አሁን መሃል ሚኒያፖሊስ የመኪና ማቆሚያ ሕንፃ ውስጥ ትኬት ይቀበላሉ። እውነቱን ልናገርና፣ ወደሳቸው የሄድኩት ይፈርሙልኛል ብዬ አይደለም። ሻርክ ክፉ ነው እንዲሉልኝ ነበር። ባሕር የሚያውቅ ሰው ክፉ ነው ካለ፣ ለሴትዮዋ ሕዝቤ አልተስማማም ብዬ ወረቀቱን በክብር እመልሳለሁ።

«ጋሼ፣ ሻርክ ያውቃሉ?» አልኳቸው።

«አውቃለሁ።»

«ሰው ይበላል አይደል?»

«እኔን አልበላኝም። ስንት ዓመት ዋኘሁበት።» ወረቀቱን ተቀበሉኝና መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው አነበቡት። አንብበው ሲጨርሱ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «እኛም እንቆርጥ ነበር። ዕረፍት ስንወጣ በጀልባ እንሄዳለን። ክንፉን ፀሐይ ላይ እናደርቀዋለን፤ ነጋዴ መጥቶ ይወስዳል። ሥጋውን ማን ይፈልገዋል? እንወረውረዋለን።»

«በሕይወቱ?»

«በሕይወቱ። ውኃው ጥርት ያለ ነው። እስከ ታች ድረስ ሲወርድ ታይዋለሽ። ጭራውን እያወዛወዘ፣ ልዋኝ እያለ።» ወረቀቱን መለሱልኝ። «ሴትዮዋ ልክ ናቸው።»

«እንግዲያው ይፈርሙልኝ።»

«ኧረ በስመ አብ! እኔ ስሜን ወረቀት ላይ አላኖርም፤» አሉና እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ። «አንቺም ተይው። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል።»

ወደ ቤት ስነዳ ተናደድኩ። በእሳቸው አይደለም፤ ልክ ናቸው ካሉ በኋላ እጃቸውን ኪስ ያስገባው ነገር እኔንም ስለያዘኝ ነው። ሃያውም መስመር ባዶ ነው። ሴትዮዋ ነገ ይጠብቁኛል። እንዲያውም እምቢ አሉኝ ማለት እችል ነበር፤ የሚያስቀይም ነገር አልነበረውም። ግን ባዶ ወረቀት ይዞ ሽማግሌ ፊት መቆም አሳፈረኝና የማይሠራውን ሠራሁ።

ልጄ ጓደኛዋ ዘንድ ነበረች። ከሰዓት በኋላ ኩሽና ጠረጴዛ ላይ ሦስት እስክሪብቶ አሰለፍኩና ስም መፍጠር ጀመርኩ። ወዲያው ተቸገርኩ። እኛ ዘንድ የማንም ያልሆነ ስም የለም። የፈጠርኩትን የሰውዬ ስም ከነአባቱ ሳነበው እዚሁ ዉድበሪ የሚኖር አንድ ሰው ትዝ አለኝ። ሌላ ፈጠርኩ፤ እሱም የአንዲት ነርስ ባል ሆነ። ነገ መዘዝ ቢመጣ በማያውቁት ነገር እነሱ ይጠየቃሉ። ተጠራጣሪነቴ በሐሰት ስም እንኳ ሰው እንዳስይዝ አልፈቀደልኝም። ስለዚህ ረጋ ብዬ አሰብኩ፤ ማንም ምንም ሊያደርጋቸው የማይችል ሰዎች እነማን ናቸው?

የሞቱ።

የመጀመሪያዎቹን ስድስት ከልጅነት ሰፈሬ ሰዎች አነሳሁ፤ ልብስ ሰፊውን፣ የሒሳብ አስተማሪያችንን፣ የጎረቤታችንን ሁለት ልጆች፣ ሌሎችም። ሰባተኛው ላይ ወንድሜን ጻፍኩ። ከዚያ በኋላ ማሰብ አላስፈለገኝም፤ የክፍል ጓደኞቹ ስም ክፍል ውስጥ እንደሚጠራ ተራ በተራ መጣልኝ። አንዱን በግራ እጄ ፈረምኩ፣ አንዱን በአማርኛ፣ አንዱን በተያያዘ የእንግሊዝኛ ፊደል። አድራሻ ደግሞ የራሴን ሕንፃ የበር ቁጥሮች አደልኳቸው። ሃያው ሲሞላ ተነስቼ እጄን ታጠብኩ። ብልጥ የሆንኩ መሰለኝ።

ሰኞ ጠዋት ሴትዮዋ ወረቀቱን ሲያዩ ፊታቸው በራ። አጉሊ መነጽሬን አምጪልኝ አሉና ከላይ ጀመሩ። እያንዳንዱን ስም ጮክ ብለው ያነባሉ፤ ይሳሳታሉ፤ እኔን ያያሉ፤ አስተካክልላቸዋለሁ። ለምን ያነቡታል? ለምን ዝም ብለው ፖስታ ውስጥ አይከቱትም?

«ሁሉም አንድ ሕንፃ ውስጥ ነው የሚኖሩት?» አሉ።

«እኛ ተሰባስበን ነው የምንኖረው።»

«ይሄ ምን ይሠራል?»

«ልብስ ሰፊ ነው።»

«ይሄስ?»

«አስተማሪ።» አስተማሪ ስል ፈገግ አሉ። ጣታቸው ወረደ። ሰባተኛው ላይ ሲደርስ የወንድሜን ስም ጠሩት። የመጀመሪያውን ፊደል በጉሮሮ ማለት አቅቷቸው፣ ግን ሙሉውን፣ ከነአባታችን። ያንን ስም ጮክ ተብሎ ሲጠራ ከሰማሁ ሠላሳ ዓመት አልፎኛል። እናታችን እንኳ ከዚያ በኋላ «እሱ» ነበር የምትለው።

«የአባታችሁ ስም አንድ ነው። ወንድምሽ ነው?»

«አዎ።»

«ምን ይሠራል?»

«ተማሪ ነው።»

«ዩኒቨርሲቲ?»

«አሥራ አንደኛ ክፍል፤» አልኩ።

ሴትዮዋ አጉሊ መነጽሩን አስቀመጡ። እኔ ያኔ አርባ ሦስት ዓመቴ ነው። ግማሽ ፀጉሬ ሸብቷል። አሥራ አንደኛ ክፍል የሚማር ወንድም ከየት ይመጣል? ውሸት ልጨምርበት አፌን ከፈትኩ፤ አልመጣልኝም። ይልቁንም እንባዬ መጣ። እንዲህ ነው የነገርኳቸው።

እውነትም አሥራ አንደኛ ክፍል ነበር። የፊዚክስ መጽሐፍ አንዱ ለአምስት ተማሪ ሆነና ልጆቹ መጽሐፍ ይጨመርልን ብለው ማመልከቻ ጻፉ። ስም፣ የቤት ቁጥር፣ ፊርማ። ወንድሜ የእጅ ጽሑፉ ያምር ስለነበር እሱ ጻፈው፤ እኔ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር፣ መስመሮቹን በማስመሪያ ያሰመርኩላቸው እኔ ነኝ። ወራት ቆይቶ ጊዜው ሲከፋ ቀበሌው ተማሪ ማሰስ ጀመረ። መልፋት አላስፈለገውም። ተሰብስበው ያደሙ ልጆች ስም ከነአድራሻቸው ተጽፎ፣ በገዛ እጃቸው ተፈርሞ ተቀምጧል። ያንን ወረቀት ይዘው በየቤቱ ዞሩ። እኛ በር ላይ የቆመው ሰውዬ በጣቱ መስመሩን ተከትሎ ሲያነብ አይቻለሁ፤ መስመሩ የኔ ነው። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል። እኔ ከዚያ ወዲህ ለልጄ የትምህርት ቤት ጉዞ ፈቃድ እንኳ ስፈርም ሁለት ቀን ያመኛል።

የሴትዮዋ ቱቦ ይነፍሳል። እያወራሁ ሳለሁ ነው የገባኝ፤ ወንድሜን ሳልጠይቀው ሁለተኛ ጊዜ ዝርዝር ውስጥ አስገባሁት። ጓደኞቹንም በሙሉ። በራሴ አፈርኩ። እስከዛሬም አፍራለሁ።

«ከሦስተኛው መስመር ጀምሮ አውቄ ነበር፤» አሉኝ በመጨረሻ። «ሠላሳ ዓመት የወላጅ ፊርማ ሲጭበረበር ያየሁ ሰው ነኝ። እስክትነግሪኝ ነው የጠበቅሁት። እኔን ማን መሰልኩሽ?»

«መንግሥት፤» አልኳቸው።

ሳቃቸው መጣና ወደ ሳል ተለወጠ፤ ጀርባቸውን ያዝኩላቸው። ሲረጋጉ ሳቁ ጠፋ። ተቆጥተው ነበር፤ ቁጣቸውም ልክ ነው። «ይህን ልኬው ቢሆን የሌሎቹን ሁሉ ፊርማ ታበላሺብኝ ነበር። አደራ ብዬሽ ነበር፤» አሉ። ከዚያ ገጹን ከክሊፕቦርዱ ነቅለው ሊቀድዱት በሁለት እጃቸው ያዙት።

«አይቀደድም!» ብዬ ጮህኩ።

እንዲህ ያለ ድምፅ እንዳለኝ አላውቅም ነበር። እሳቸውም ደነገጡ። ወረቀቱን አጥፈው ሰጡኝ፤ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ከመሳቢያው ሌላ ባዶ ገጽ አወጡና ክሊፕቦርዱ ላይ ሰኩት።

«ሃያ ነበር ያልኩሽ። አሁንም ሃያ ነው። እስከ እሑድ ማታ።»

«ይፈራሉ እኮ።»

«አንቺስ?»

«እኔም እፈራለሁ። ሻርኩንም እፈራለሁ።»

«መፍራት ትችያለሽ፤» አሉ፣ «ፈርተሽ መፈረምም ትችያለሽ።» እስክሪብቶ አቀበሉኝ።

ፈረምኩ። አንደኛው መስመር ላይ ሙሉ ስሜን፣ እውነተኛ የበር ቁጥሬን። ፊርማዬ የሌላ ሰው መስሏል። ወዲያው ልሰርዘው አማረኝ፤ እሳቸው ግን ክሊፕቦርዱን ወስደው ይዘውታል።

እሑድ ተመልሼ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። አሁን በነጠላ አልሸፈንኩትም። እኚያ የባሕር ኃይል ሰው ወረቀቱን ሲያዩ ፊታቸውን ሊያዞሩ ሲሉ፣ «ጋሼ፣ አንደኛውን ያንብቡት» አልኳቸው። አነበቡ። እኔን አዩ። «አበድሽ?» አሉኝ። ስለ ወንድሜ ነገርኳቸው፤ ለሃበሻ ስናገር ያ የመጀመሪያዬ ነው። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው እስክሪብቶዬን ተቀበሉኝ። እንደ ወታደር ቀጥ ብለው፣ መኪና ላይ ተደግፈው ሳይሆን ክሊፕቦርዱን ደረታቸው ላይ ይዘው ፈረሙ። «ለወረወርኳቸው ነው፤» አሉ። እሳቸውን አይተው ሌሎች አራት ሰዎች ፈረሙ። ታክሲ ነጂው አድራሻውን ትቶ ስሙን ብቻ ሊጽፍ ተከራከረ፤ አልተቀበልኩትም።

ሰኞ ሴትዮዋ ቆጠሩ። «ስድስት ከሃያ። ወድቀሻል፤» አሉና ገጹን ከሌሎቹ ጋር ፖስታው ውስጥ ከተቱት። እኔ ነኝ ፖስታ ሳጥን ውስጥ የጨመርኩት። ስጨምረው ግራ ቀኝ አየሁ።

ከዚያ በኋላ የነበሩትን ሳምንታት መናገር ያሳፍራል። የማላውቀው መኪና ሕንፃችን ሥር ከቆመ ታርጋውን በቃሌ እይዛለሁ። በር ከተንኳኳ ልጄን ዝም በይ እላታለሁ። የዜግነት ኢንተርቪውዬ ሳይመጣ በቆየ ቁጥር፣ በሻርክ ነው፣ በሻርክ ነው እላለሁ። የፈረሙትን አምስት ሰዎች እያሰብኩ፣ አስያዝኳቸው እያልኩ እሑድ እሑድ መኖራቸውን እቆጥር ነበር።

በረዶው መቅለጥ ሲጀምር አንድ ቀን ከሥራ ስገባ ፖስታ ሳጥኔ ውስጥ ንስር የታተመበት ነጭ ፖስታ አገኘሁ። ስሜ በታይፕ ተጽፏል፤ ላኪው የምክር ቤት አባሉ ቢሮ ነው። ኩሽና ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ካፖርቴን ሳላወልቅ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ። ስልኬ ጮኸ። የባሕር ኃይሉ ሰው ናቸው።

«መጣልሽ?»

«መጣልኝ።»

«ከፈትሽው?»

«አልከፈትኩም። እርስዎስ?»

«እኔም። ትኬት መቀበያው ቡዝ ውስጥ ነኝ፤ እያየሁት ነው። መኪና ተሰልፎብኛል።» ተነፈሱ። «አብረን እንክፈተው።»

ስልኩን በጆሮዬና በትከሻዬ መሃል ይዤ ቀደድኩት። በእሳቸውም በኩል ወረቀት ሲቀደድ ሰማሁ። ግማሽ ገጽ ነው። ስለ ሻርኮች ጥበቃ ያለዎትን አስተያየት ስለገለጹልን እናመሰግናለን፤ ደርሶናል፤ ጉዳዩን እንከታተላለን። ከሥር ፊርማ አለ።

«ይኸው ነው?» አሉ።

ገልብጬ ጀርባውን አየሁት። «ይኸው ነው።»

«ሌላ ገጽ የለውም?»

«የለውም።»

ከኋላቸው መኪና ጡሩምባ ሲነፋ ተሰማኝ። «በይ ደህና ዋይ፤» አሉ፤ ድምፃቸው ልክ አልነበረም። ስልኩ ተዘጋ።

ደብዳቤውን እንደገና አነበብኩት። ደርሶናል ይላል። ወንድሜ የጠየቀው የፊዚክስ መጽሐፍ ነው። ለእሱም ይሄ ነበር የሚገባው፤ ደርሶናል የሚል ግማሽ ገጽ። መጽሐፉን ባይሰጡት እንኳ። ያኔ ያላለቀስኩት ሁሉ መጣ፤ እቤታችን ለተገደለ ልጅ ማልቀስ ተከልክሎ ነበርና አላለቀስኩም ነበር። ካፖርቴን እንደለበስኩ፣ ድምፅ አውጥቼ አለቀስኩ።

ልጄ ከትምህርት ቤት ስትገባ በሩ ላይ ደርቃ ቀረች። ቦርሳዋን ጣለችና መጥታ ትከሻዬን ያዘችኝ።

«ማሚ፣ ሁ ዳይድ? ማን ሞተ?»

«ወንድሜ፤» አልኳት።

ግራ ገብቷት አየችኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ አጎት እንደነበራት አልነገርኳትም ነበር።